አድራሻውን የማልነግራችሁ አልጋ ቤት

ስለ አልጋ ቤት ሲጻፍ መጀመሪያ የሚቀመጠው ስምና አድራሻ ነው። እኔ ሁለቱንም አልነግራችሁም። ሰሜን ሸዋ ነው። ከአንድ ገዳም አጠገብ ነው። ከደብረ ብርሃን በጠዋት ከተነሳችሁ ሳይመሽ ትገባላችሁ። ከዚህ በላይ ብትጎተጉቱኝም አፌን አልከፍትም።

ዋጋውን ግን ልንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. ፍልሰታ ለአንድ ሌሊት 150 ብር ከፍያለሁ። ሙቅ ውሃ በባልዲ 20 ብር። ሻይ ነጻ ነው። ሁለተኛው ብርጭቆም ነጻ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ባለቤቲቱ በዓይናቸው ይጠይቃሉ። ዛሬ ዋጋው የት እንደደረሰ እንጃ። ያኔ መንገዱም ሰላም ነበር።

አዲስ አበባ ነው የምኖረው። የሀበሻ ልብስ ጥልፍ እሠራለሁ፤ እዚያው ቤቴ ውስጥ፣ በአንዲት አሮጌ ሲንጀር። የተወለድኩት ግን ደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው። ስወለድ ወንድ ነው ተብሎ ሰባት ጊዜ እልል ተባለ፣ ትላለች እናቴ። በ40 ቀኔ ክርስትና ተነሳሁ። ሴት ብባል ኖሮ 80 ቀን ይጠብቁ ነበር። የክርስትና ስሜን አልጽፍላችሁም፤ "ወልደ" ብሎ እንደሚጀምር ግን ገምታችኋል። እኔ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ሌላ ነገር ነው የማውቀው። ትራንስጀንደር፣ ማለትም ሲወለድ ከተባለለት ፆታ ሌላ የሆነ ሰው፣ የሚለውን ቃል ያገኘሁት ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ከዚያ በፊት የነበረኝ ቃል "ሴታ ሴት" ነበር፤ እሱንም የሰፈር ልጆች ናቸው የሰጡኝ።

አድራሻ የማልሰጠው ለዚህ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የሚናገረው ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ነው፣ ስለ እኔ ዓይነት ሰው አይደለም። መንገድ ላይ የሚያስቆም ሰው ግን አንቀጽ አንብቦ አይመጣም። እንደኔ ያለ ሰው ሰላም ያደረበትን ቤት ስም ብጽፍ፣ ነገ በር ላይ ማን እንደሚቆም አላውቅም። እኔ እሄዳለሁ፤ ባለቤቲቱ ግን እዚያው ናቸው።

ነሐሴ 11 ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከላምበረት መናኸሪያ ተነሳሁ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሰንዳፋ፣ አሌልቱ፣ ከዚያ ሸኖ። ሸኖ ላይ መኪናው ሲቆም ቅቤ የያዙ ሴቶች በመስኮት ዘረጉልን። በፍልሰታ! አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ "ጾም እኮ ነው" ብትላት፣ ባለ ቅቤዋ "ጾም አይደል፣ ይፈታል" አለቻት። ሴትዮዋ ገዛች።

ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት አርፌ ልቀጥል ነበር ሐሳቤ። የገባሁበትን ሆቴል ስም ተዉት። እንግዳ ተቀባዩ መታወቂያዬን አየ። እኔን አየ። መታወቂያዬን እንደገና አየ። ጓደኛውን ጠራው፣ ሁለት ሆነው አዩ። "ይሄ አንተ ነህ?" አለኝ። ነኝ አልኩ። "ክፍል አልቋል።" ቁልፎቹ ከጀርባው ሰሌዳ ላይ ተሰቅለዋል። አሥራ አራት ቆጠርኩ። ልብሴን እንኳ ሳላደርቅ በዚያው ቀን መንገዴን ቀጠልኩ።

ስደርስ ዝናብ ነው፣ ጉም ነው፣ ጭቃ ነው። የነሐሴን ሸዋ የሚያውቅ ያውቀዋል። ባለቤቲቱ በር ላይ ቆመዋል። ሁሉም እማማ ነው የሚላቸው፣ እኔም እማማ እላለሁ። በርኖስ ደርበዋል። በርኖስ እንግዲህ የወንድ ልብስ ነው። የባላቸው ነበር። ሲሞቱ ለድሃ ይሰጥ ቢባሉ "እኔስ ምኔ ነው ሀብታም?" ብለው አስቀሩት።

"ይግቡ፣ ይግቡ፤ ብርድ ነው" አሉኝ።

ይህን "ይግቡ" ላስረዳችሁ። አማርኛ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ጠባብ ነው። ሰው ገና "ብላ" ወይም "ብዪ" ሲለኝ ምን አድርጎ እንዳየኝ አውቃለሁ። ቢጠራጠር እንኳ መደበቅ አይችልም፤ የራሱ ቃል ያሳብቅበታል። ሁለት መሸሸጊያ ብቻ አለን። አንዱ "እኔ" ነው። በላሁ፣ መጣሁ፣ ደከመኝ፤ ወንድ ቢለው ሴት ብትለው ያው ነው። ጸሎት የምወደው ለዚህም ይመስለኛል። እመቤቴን አንቺ እላታለሁ፣ ልጇን አንተ እለዋለሁ፣ ራሴን እኔ እላለሁ። ማንም አያርመኝም። ሁለተኛው መሸሸጊያ አንቱታ ነው። ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ ሲባል ፆታ የለም። ችግሩ፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት ሰው አንቱ የሚል የለም። እማማ፣ እኔን በእጥፍ የሚበልጡት፣ ሳያመነቱ አሉኝ።

መዝገብ አላቸው። ትልቅ፣ የታተመ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የመጡበት ቦታ፣ የመታወቂያ ቁጥር የሚል ረድፍ ያለው። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። የሚሞላው የልጅ ልጃቸው ነው፣ የአሥራ አምስት ዓመት ዲያቆን። መታወቂያዬን ተቀበለኝ። አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ። ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ከቁልፍ ሰሌዳው ፊት ከቆምኩ ገና ግማሽ ቀኔ ነው።

"እማማ፣ እንግዳው ስንት ብርድ ልብስ ይሰጠው?" አለ።

"ሦስት።"

ልጁ እሱንም ጻፈው። ቁልፉን ሰጠኝ።

ስለ ክፍሉ። አራት ክፍሎች ናቸው በአንድ ረድፍ፣ የጭቃ ቤት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ። አልጋው የብረት ነው። ፍራሹ መሃሉ ሰምጧል፤ ብትፈልጉም ባትፈልጉም ወደ መሃል ትንከባለላላችሁ። መብራት ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይሄዳል። ስልክ የሚሠራው ባሕር ዛፎቹ ሥር ስትቆሙ ብቻ ነው። ሽንት ቤቱ ሠላሳ እርምጃ ይርቃል፣ መንገዱ ያንሸራትታል፣ ውሻም አለ። ውሻው አይነክስም ይባላል። ለሽንት ቤቱ ከአምስት አንድ እሰጠዋለሁ፣ እሱንም ለውሻው ብዬ ነው።

የምር ያስከፋኝ የበሩ መቀርቀሪያ ነው። ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይዘጋም። ለብዙ እንግዳ ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ለእኔ አይደለም። የመጀመሪያውን ሌሊት አልጋውን ጎትቼ በሩ ላይ አስጠግቼ ነው ያደርኩት። በማግስቱ ስነግራቸው እማማ ለምን ብለው አልጠየቁም። ልጁ ሚስማርና ቁራጭ እንጨት ይዞ መጣና አበጀልኝ። ትንሽ ጠማማ ነው፤ ይይዛል።

ብርድ ልብሶቹን ግን አወድሳለሁ። የመጀመሪያው የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ነው፣ አሮጌ። የስፌት ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ ጠርዙን ነው ያየሁት፤ ተበልቶ እንደገና በቀይ ክር ተዘምዝሟል፣ በእጅ፣ ጥፍር በማታህል ርቀት። ሁለተኛው የቻይና ነው፣ ነብር ያለበት። ሦስተኛው የመንዝ ባና ነው። ባና ያልለበሰ ሰው አይገባውም። ክብደቱ እንደ ሰው ነው። እርጥበት ሲነካው በግ በግ ይሸታል። ከሥሩ ስትገቡ መጀመሪያ ይበርዳችኋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይይዛችኋል። በእድሜዬ ሳላፍር ካቀፉኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ከጎረቤት ክፍል ጩኸት ተነሳ። የወጣት ድምፅ ነው። ይጮሃል፣ ያቆማል፣ አንድ ነገር ከግድግዳው ጋር ያጋጫል፣ እንደገና ይጮሃል። አንድ ሰዓት ያህል ታገስኩ። ደክሞኛል፣ ርጥብ ነኝ፣ ያ አሥራ አራት ቁልፍ ከዓይኔ አልጠፋም። ግድግዳውን በጡጫዬ ደበደብኩት። "እስቲ እንተኛበት!" ብዬ ጮህኩ። በዚያ ሁልጊዜ በምደብቀው ወፍራም ድምፅ።

ጸጥ አለ። ከዚያ የአንዲት እናት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ "ይቅርታ ጌታዬ" አለ።

እንቅልፌ ጠፋ።

ጠዋት ማድ ቤት ደጃፍ አየኋቸው። እናትና ልጅ። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። የግራ እጁ ከእናቱ ቀኝ እጅ ጋር በነጠላ ታስሯል፣ እንዳይጠፋባት። ከቆላ ነው የመጡት፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል። የደጋውን ብርድ አልለመዱትም። አልጋቸውም ብርድ ልብሳቸውም አንድ አንድ ነበር፤ እናትየው ለሁለት እንግዳ ላለመክፈል የአንድ ሰው አልጋ ነው የያዘችው፣ የሚሰጠውንም አንድ ብርድ ልብስ አይበቃንም ሳትል ተቀብላለች። እኔን ስታየኝ ፈገግ አለች። "ማታ አላስተኛንሽም ይሆን? አንድ ሰውዬ እንኳ ተቆጣን" አለችኝ።

አንድ ሰውዬ።

እኔ ነኝ ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሚገባኝ። ነገር ግን እኔ ነኝ ካልኩ ድምፁ የማን እንደሆነ ተናገርኩ ማለት ነው። ቆሎዬን ይዤ ቆምኩ። "አይ፣ እኔ እንቅልፋም ነኝ" አልኩና ሄድኩ። ሱባኤ ልይዝ መጥቼ፣ ገና በመጀመሪያው ቀኔ ያን ያህል ሄድኩ። ቅዳሴው ሲገባ ከቅጽሩ ውጭ፣ ከጽዱ ሥር ቆምኩ፤ ራሴን ያልበቃሁ ሆኜ ሲሰማኝ የምቆምበት ቦታ ነው። በሌላ ጊዜ ስለ ገላዬ ነው እንደዚያ የሚሰማኝ። በዚያ ቀን ግን ስለ ግድግዳው ነበር። ለውጡ ራሱ ደስ ሊለኝ ይገባ ይሆን እንዴ?

ማታ ባናውን ጠቅልዬ በራቸውን አንኳኳሁ።

"ማታ የተቆጣሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ" አልኳት። በቀጭኑ ድምፄ ጀምሬ መሃል ላይ ተሰበረብኝ።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ፊቴን፣ አንገቴን፣ እጄን። ይህን አስተያየት አውቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ መጨረሻው አያምርም።

"ጉንፋን ይዞሽ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ። በሱባኤ ዋሸሁ። እሷም ውሸቴን እያወቀች እንደ ብርጭቆ ሻይ ያቀበለችኝ ይመስለኛል፤ ልምል ግን አልችልም።

ባናውን ለልጇ አለበሰችው። ከዚያ ያለማፈር የነጠላውን ጫፍ አውጥታ እጄ ላይ ቋጠረችው። "አንድ አፍታ ልተኛ" አለች። ሁለት ሰዓት ተኛች። ከስንት ቀን በኋላ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ልጁና እኔ በአንድ ነጠላ ታስረን ተቀመጥን። ሻማዋ ልታልቅ ስትል ዞሮ አየኝ።

"አንቺንም ያዩሻል፣ አይደል?" አለኝ።

"አዎ።"

"እኔንም።" ከዚያ ቆሎ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፣ በላ።

ትራንስ ሰው ሁሉ አዛኝ ነው የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ደግነታቸው ይገባኛል፣ ግን እስቃለሁ። ግድግዳውን የደበደብኩት ማን ሆነና! መከራ ሰውን ያለሰልሳል ይባላል፤ እኔ ያደረቃቸውንም አይቻለሁ፣ ራሴንም ጨምሮ። የተማርኩት ነገር ቢኖር አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ ሰው ሲታይ ምን እንደሚሆን። ትከሻው የት እንደሚገባ፣ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢያንስ ዓይኑን መቼ እንደሚያነሳ ያውቃል። ነጠላ ለመያዝ ያ ይበቃል።

ነሐሴ 12 ምሽት፣ የቡሄ ዋዜማ፣ የመንደሩ ልጆች ጅራፋቸውን እያጮሁ መጡ። ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራሉ። እኔ በር ላይ ሲደርሱ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ወጣሁ። ጋቢ ቸር ልብስ ነው፣ ወንዱም ሴቱም አንድ ዓይነት ነው የሚለብሰው። አውጪው፣ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላው ጥርሰ ወላቃ፣ ዱላውን መሬት ላይ እየመታ ቀና ብሎ አየኝ። ሆያ ሆዬ ጨፍራችሁ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቤቱን የሚከፍተው ወንድ ከሆነ "የኔማ ጌታ" ነው፣ ሴት ከሆነች "የኔማ እመቤት"። ልጁ አንድ ትንፋሽ አመነታ። ዱላው አንድ ምት ዘለለ።

"የኔማ እመቤት" አለ።

ስለ ፈትል የሚለውን ስንኝ ነው ያወጣው፣ እመቤቲቱ የፈተለችው እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን ነው የሚለውን። የጥልፍ ሠራተኛ መሆኔን ማን ነገረው! 50 ብር ሰጠሁ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ከእማማ ማድ ቤት ሙልሙልም አመጣሁላቸው። ሙልሙላቸው ግን ያሳፍራል፣ ድንጋይ ነው፤ ይህ ግምገማ ከሆነ መባል አለበት።

ወደ ጸበሉ ልምጣ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እናቴ ወደ አንድ ጸበል ወስዳኝ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። አጥማቂው "ማነህ? ልቀቅ!" እያለ ጀርባዬን በመቋሚያ መታኝ። ነኝ እንድል ነው የሚፈልገው። ቀዝቅዞኛል፣ ከንፈሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ዛር ነኝ አልኩ። እልል ተባለ። በሕይወቴ ለሁለተኛ ጊዜ ተሳስተው እልል አሉልኝ።

ከዚያ ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባውን 11ኛ እትም በ2019 እ.ኤ.አ. ሲያጸድቅ የእኔን ነገር ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል፤ ከጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ሥራ ላይ ነው። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። "ከዚያ አውጥተው ታዲያ ምን ውስጥ ከተቱት?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የፆታዊ ጤና ጉዳዮች ወደሚል ምዕራፍ ነው አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ "ጸበሉን ግን አትተወው" አለችኝ።

አልተውኩትም። የሄድኩት ግን ልድን አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የእግዚአብሔር ቤት ይሄ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ቤት የለኝም። ዕጣኑን እወደዋለሁ። ሌሊት ሰዓታት ሲቆም ከሩቅ የሚሰማውን እወደዋለሁ።

ስለ ጸበል ሳስብ ሁልጊዜ ያ ጃንደረባ ይመጣብኛል፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው። እኛ አገር በኩራት ነው የሚጠራው፤ የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል፣ ኢትዮጵያዊው ተጠማቂ። ጃንደረባ የሚለውን ቃል ግን ፈጠን ብለን እናልፈዋለን። ዘዳግም 23 እንደሱ ያለውን ሰው ወደ ጉባኤ አይግባ ይላል። እሱ ግን ኢየሩሳሌም ድረስ ሊሰግድ ሄዷል። ሲመለስ ሠረገላው ላይ የሚያነበው ኢሳይያስ 53ን ነው። ሦስት ምዕራፍ ቢገፋ ስለ ራሱ የተጻፈውን ያገኘዋል፤ ለጃንደረቦች ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እሰጣቸዋለሁ የሚለውን። በመንገድ ውሃ ሲያይ፣ እንዳልጠመቅ ምን ይከለክለኛል ብሎ ጠየቀ። ፊልጶስ አብሮት ወረደ። እኔ ጃንደረባ አይደለሁም፣ ነገሩም አንድ አይደለም። ጥያቄውን ግን አውቀዋለሁ።

የሚከለክለኝን ደግሞ ነሐሴ 13 አየሁት። ቆርቆሮ ነው። መጠመቂያው በቆርቆሮ ተከፍሏል፣ በዚህ ወንድ፣ በዚያ ሴት፣ ሁሉም ልብሱን አውልቆ ነው የሚገባው። ወንዶቹ ሰልፍ አጠገብ ጥቂት ቆምኩ። ወደ ሴቶቹ ዞርኩ፣ ጥቂት ቆምኩ። ተመለስኩ። እማማ ማድ ቤት በር ላይ ሆነው ጋቢዬን ዳሰሱ። ደረቅ ነው። ምንም አላሉም።

በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። እማማ ናቸው፣ ዲያቆኑ የልጅ ልጃቸው ከኋላ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሟል፣ ባለ 20 ሊትሩን። ጀሪካኑን አስቀምጦ ወደ ሰዓታቱ ሄደ። ከማድ ቤቱ ጀርባ በጭራሮ የታጠረ ቦታ አለ፣ በርበሬ የሚታጠብበት። እዚያ ወሰዱኝ። ጋቢዬን ተቀበሉኝ፣ በሁለት እጃቸው እንደ መጋረጃ ዘረጉት፣ ጀርባቸውን ሰጡኝ። በጣሳ ቀድቼ አፈሰስኩ። በስመ አብ አልኩ፣ የቀረውን ብርዱ ዋጠብኝ። ውሃው አይቀዘቅዝም፣ ያቃጥላል። ከፊቴ የሚታየኝ በርኖሳቸው ብቻ ነው፤ የትከሻው ሹል ወደ ላይ ቆሟል፣ ጫፉ ጭቃ ነክቶታል። ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል። ጋቢው ግን አንዴም ዝቅ አላለም።

"ቶሎ ጨርሺ፣ ብርዱ ሳንባ ይመታል" አሉኝ።

ጨርሺ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንቱ ነበርኩ። የልጅ ልጃቸው መታወቂያዬን አንብቦላቸዋል፣ ስሜን ያውቃሉ። ያወቁትን ያህል አወቁ፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ በኋላ ልጁም "እንግዳዋ" ማለት ጀመረ። ማንም ስብሰባ አልጠራም። ገንዘብ ልሰጣቸው ስል "ጸበል ይሸጣል እንዴ?" ብለው ተቆጡኝ። የሙቅ ውሃውን 20 ብር ግን አልረሱም።

ነሐሴ 15 የጾሙ መጨረሻ ነው። ከቅዳሴ ወጥተን ማድ ቤት እሳት ዳር ተሰበሰብን። እናትና ልጁም አሉ፣ ባናው ትከሻቸው ላይ። እማማ ዲያቆኑን የዕለቱን ስንክሳር ንገረን አሉት። የቅድስት እንባ መሪና ቀን ነው። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አባቷን ተከትላ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንዶች ገዳም ገባች፣ መነኩሴ ሆነች። ከወንድሞች ጋር ለሥራ ስትላክ እንግዳ ማረፊያ ቤት ያድራሉ። የባለቤቱ ልጅ ከአንድ ወታደር አርግዛ፣ ያ መነኩሴ ነው አለች። መሪና አይደለሁም አላለችም። ከገዳም ተባረረች፣ ሕፃኑን አምጥተው ሰጧት፣ ከእረኞች ወተት እየለመነች አሳደገችው። ወንድ አለመሆኗ የታወቀው ስትሞት፣ ሊገንዟት ሲሉ ነው።

ቅድስቲቱን የራሴ ነገር ጠበቃ ላደርጋት አልፈልግም። የእሷ መንገድ ሌላ ነው። እኔ ስሰማው ልቤ ውስጥ የቀረው ወተቱ ነው።

እማማን ግን ያናደዳቸው ሌላ ነው። "እኔ የማልወደው ባለ ማረፊያውን ሰውዬ ነው" አሉ፣ ቡናውን እየቆሉ። "ሰው ቤትህ አድሮ ሲሄድ፣ አንድ ነገር ቢባል መጀመሪያ እንግዳውን አትጠይቅም? ምን ዓይነት አልጋ ቤት ነው እሱ!" ዲያቆኑ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። የሙያ ጉዳይ ነው።

በማግስቱ ጾም ተፈታ። የገብስ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ፣ መሃሉ ተጎድጉዶ፣ ቅቤው እስከ አፉ ሞልቶ። እዚህ ቤት ከአምስት አምስት የምሰጠው ለባናውና ለዚህ ገንፎ ነው። ቅቤው ከየት ነው ስላቸው "ከሸኖ፣ ሰው አመጣልኝ" አሉ። ያቺ ባለ ቅቤ ትክክል ነበረች።

ሂሳቤ አምስት ሌሊት 750፣ ሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ 60፣ ድምሩ 810 ብር ሆነ። ከፍዬ ቦርሳዬን ሳነሳ እማማ ክፍሌ ገብተው ወጡ።

"ብርድ ልብሱ ሁለት ነው" አሉ።

"ባናው እነ እትዬ ጋ ነው" አልኩ፣ ደንግጬ።

"አውቃለሁ። መዝገቡ ይስተካከል ብዬ ነው።" ዲያቆኑን ጠሩት።

መዝገቡን ከፈተ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስሜ፣ ያ የድሮው ስሜ፣ በቀጥ ያለ የቄስ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ተጽፏል። ዕድሜዬ 31። ከዚያ "ፆታ" ከሚለው በታች 3 ይላል። ከእኔ በላይ ያለው እንግዳ 2 ነው፣ ከእሱ በላይ 2፣ ከዚያ 4፣ "አሮጊት ናቸው" የሚል ተጨምሮበታል። ገጹ እስከ ላይ ድረስ እንዲሁ ነው። ብርድ ልብስ እንዳይጠፋ መቁጠሪያ ረድፍ ሲያጡ፣ ከታተሙት ውስጥ የማያስፈልጋቸውን አንዱን ለዚያ አድርገውታል።

ልጁ የእኔን 3 ሰርዞ 2 ጻፈ። ወደ እናትና ልጁ ረድፍ ወርዶ 1ን ሰርዞ 2 አደረገው።